ትሬድ ሲነሳ ስንቁን የሚይዘው የት ነው?

በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) መጻፍ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚቆምበት አንድ ጥያቄ አለ። ትሬዱ የሚሠራው ሥራ «ራን» በሚባል ሜተድ (ስም ያለው የትእዛዝ ስብስብ) ውስጥ ይጻፋል፤ «ራን» ግን በቅንፉ ምንም አይቀበልም፣ ሲጨርስም ምንም አይመልስም። ታዲያ የትኛውን ፋይል እንዲያነብ በምን በኩል ይነገረዋል? ያገኘውንስ ውጤት በምን በኩል ያስረክባል?

«ራን» ባዶ ቅንፍ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚጠራው እናንተ ሳትሆኑ የጃቫ ማሽኑ (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ነው፣ ማሽኑ ደግሞ እናንተ ምን ልትሰጡት እንዳሰባችሁ አያውቅም። ስለዚህ ዳታው የሚያልፈው በኦብጀክቱ (ዳታንና ሜተዶችን አንድ ላይ በያዘው አካል) በኩል ነው፤ ሥራውን የሚወክል ኦብጀክት ይፈጠራል፣ የሚያስፈልገው ሁሉ ውስጡ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ ትሬዱ ይነሳል። መንገደኛ ስንቁን የሚቋጥረው ከቤት ሳይወጣ ነው። እዚህም ቅደም ተከተሉ ያው ነው፣ አብዛኛው ስህተት የሚመጣውም ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ነው።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንያዝ። አንድ ሱቅ የዓመቱን ሽያጭ በየወሩ ከፋፍሎ በ13 ፋይል አስቀምጧል፤ የመጀመሪያው «መስከረም»፣ የመጨረሻው «ጳጉሜ» ይባላል። ፕሮግራማችን እያንዳንዱን ፋይል አንብቦ የዓመቱን ድምር ማውጣት አለበት። ኮምፒውተሩ 4 ኮር (ራሱን ችሎ የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) ካለው ፋይሎቹን በአንድ ትሬድ ተራ በተራ መደመር 3ቱን ኮሮች ያለ ሥራ ማስቀመጥ ነው።

ወደ ኮዱ ከመግባታችን በፊት ሚሞሪው እንዴት እንደሚከፋፈል ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ስታክ (የግሉ የሚሞሪ ክፍል) አለው፤ በተለመደው 64 ቢት (x64) ሊኑክስ ላይ ጃቫ ለአንዱ ስታክ በነባሪ 1 ሜጋባይት ቦታ ይይዛል። በሜተድ ውስጥ የተፈጠሩ ቫሪያብሎች (ዋጋ የሚይዙ ስሞች) እዚያ ስለሚቀመጡ ሌላ ትሬድ አይደርስባቸውም። በ«ኒው» የተፈጠረ ኦብጀክት ግን ሂፕ በሚባለው የሚሞሪ ክፍል ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሂፕ ደግሞ የጋራ ነው። ሁለት ትሬዶች አንድን ኦብጀክት ካወቁት ሁለቱም ሊያነቡትም ሊለውጡትም ይችላሉ። ዳታን ማስተላለፍ ቀላል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አደገኛ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«ስታርት» እና «ራን»

ትሬድ የሚነሳው በ«ስታርት» ነው። «ራን»ን በቀጥታ የጠራ ሰው ምንም የስህተት መልእክት አያይም፤ ኮዱ ይሠራል፣ ውጤቱም ትክክል ይሆናል። የተነሳ አዲስ ትሬድ ግን የለም፤ ሥራውን ሁሉ የሠራው ዋናው ትሬድ ራሱ ነው። «13 ትሬድ አስነሳሁ፣ ፍጥነቱ ግን አልተለወጠም» የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ለማረጋገጥ በ«ራን» ውስጥ የወቅቱን ትሬድ ስም ማሳተም ይበቃል፤ ሁልጊዜ «ሜይን» የሚል ከሆነ «ስታርት» አልተጠራም ማለት ነው። አንድን የትሬድ ኦብጀክት ሁለት ጊዜ «ስታርት» ማለትም አይቻልም። ሥራውን ጨርሶ የቆመ ቢሆን እንኳ «ኢሊጋል ትሬድ ስቴት» የሚል ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ይወረውራል። ሥራው እንዲደገም ከተፈለገ አዲስ ትሬድ መፍጠር ግድ ነው።

ክላሱን (ኦብጀክቱ የሚፈጠርበትን ንድፍ) ለመጻፍ ሁለት መንገድ አለ፤ «ትሬድ» የሚባለውን ክላስ መውረስ፣ ወይም «ራነብል» የሚባለውን ኢንተርፌስ (ክላስ ሊኖረው የሚገባውን ሜተድ የሚናገር ውል) መተግበር። ብዙ የመማሪያ ጽሑፍ ሁለቱን እኩል አድርጎ ያቀርባቸዋል፤ እኩል አይደሉም። ጃቫ ከአንድ ክላስ በላይ መውረስን ስለማይፈቅድ ትሬድን የወረሰ ክላስ ሌላ ወላጅ ሊኖረው አይችልም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሥራውና ሠራተኛው አንድ ላይ መጣበቃቸው ነው። ዛሬ በአንድ ትሬድ የሚሠራውን ነገ ለትሬድ ፑል (ሥራ እየጠበቁ ለተዘጋጁ የትሬዶች ቡድን) እንስጠው ቢባል፣ «ራነብል» የሆነው እንዳለ ይሄዳል፣ ትሬድን የወረሰው ግን መፍረስ አለበት። ስለዚህ «ራነብል»ን ያዙ።

ስንቁን መቋጠር

ክላሱን «ወርደማሪ» እንበለው። (ጃቫ የክላስና የቫሪያብል ስም በፊደላችን እንዲጻፍ ይፈቅዳል። ከጃቫ 18 ወዲህ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር የኮዱን ፋይል በነባሪ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደልን በቁጥር የመጻፍ ሥርዓት፣ ስለሚያነብ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ይሠራል፤ በአሮጌው ጃቫ በተለይ ዊንዶውስ ላይ ኢንኮዲንጉን መንገር ያስፈልጋል።) ክላሱ ሁለት ፊልድ (በኦብጀክቱ ውስጥ ዳታ የሚቀመጥበት ቦታ) አለው። አንዱ «ፋይልስም» ሲሆን «ፋይናል» (አንዴ ከተሰጠ የማይለወጥ) ተብሎ ይታወጃል፣ ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሠራው ኮንስትራክተር ተቀብሎ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው «ድምር» ነው፤ ባዶውን ይጀምርና «ራን» ሲጨርስ ይሞላዋል። «ራን» ፋይሉን እየከፈተ ሲደምር የሚጠቀመው በራሱ ስታክ ላይ ባለ ቫሪያብል ነው፤ ወደ «ድምር» የሚጽፈው አንዴ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ነው። ገንዘብ ስለሆነ ድምሩ በሳንቲም ተቆጥሮ በ«ሎንግ» (በሙሉ ቁጥር) ቢያዝ ይሻላል፤ «ደብል» (ነጥብ ያለው ቁጥር) ከጥቂት ሺህ መደመር በኋላ የሳንቲም ክፍልፋይ ሊያዛባ ይችላል።

ዋናው ትሬድ ደግሞ 13 «ወርደማሪ» ይፈጥራል፣ ለእያንዳንዱ የወሩን ስም በኮንስትራክተር ይሰጣል፣ ሁሉንም በዝርዝር ይይዛቸዋል። እያንዳንዱን ለአንድ አዲስ ትሬድ ሰጥቶ 13ቱንም «ስታርት» ይላል። ከዚያ 13ቱንም በተራ «ጆይን» ይላል፣ ማለትም እስኪጨርሱ ይጠብቃል። በመጨረሻ ከ13ቱ ኦብጀክቶች «ድምር»ን እያነበበ ይደምራል። በጳጉሜ ፋይል ውስጥ ያለው የ5 ወይም የ6 ቀን ሽያጭ ብቻ ስለሆነ የጳጉሜው ትሬድ መጨረሻ ተነስቶ መጀመሪያ ሊጨርስ ይችላል። ትሬዶች በተነሱበት ቅደም ተከተል ይጨርሳሉ ብሎ የተጻፈ ኮድ ሁሉ የተሳሳተ ነው።

በዚህ አሠራር ውስጥ አንድም ቁልፍ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያሳልፍ መቆጣጠሪያ) አላስገባንም፣ ግን አስተማማኝ ነው። ምክንያቱ በጃቫ ቋንቋ ሕግ ውስጥ ያሉ ሁለት ዋስትናዎች ናቸው። በ2004 በጃቫ 5 ተስተካክሎ የወጣው የሚሞሪ ሞዴል እንደሚለው፣ አንድ ትሬድ «ስታርት» ከማለቱ በፊት የጻፈው ሁሉ ለሚነሳው ትሬድ ይታያል፤ የተነሳው ትሬድ የጻፈው ሁሉ ደግሞ «ጆይን» ከተመለሰ በኋላ ለጠባቂው ይታያል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ጊዜ ግን ምንም ቃል አልተገባም። ፕሮሰሰሩ ዳታውን በራሱ ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) ሊያቆየው፣ ኮምፓይለሩም ቅደም ተከተሉን ሊለውጠው ይችላል።

አሁን ስህተቶቹን እንይ። በጣም የተለመደው ትሬዱን አስነስቶ ከዚያ በኋላ በሴተር (የፊልድን ዋጋ በሚለውጥ ሜተድ) የፋይል ስም መስጠት ነው። ትሬድ እስኪነሳ ጥቂት ጊዜ ስለሚወስድ ብዙውን ጊዜ ዋናው ትሬድ ቀድሞ ይደርሳል፤ በዚህ የተነሳ ኮዱ በጸሐፊው ላፕቶፕ ላይ መቶ ጊዜ ይሠራል። ሥራ የበዛበት ሰርቨር ላይ አንድ ቀን ትሬዱ ይቀድምና ባዶ ስም ያገኛል። ፊልዱ «ፋይናል» ቢሆን ኖሮ ሴተሩን ኮምፓይለሩ ራሱ አይፈቅደውም ነበር። «ፋይናል» ማድረግ ያለባችሁ ለጌጥ አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት ረቀቅ ያለ ነው፤ በኮንስትራክተሩ ውስጥ «ስታርት» መጥራት። ኦብጀክቱ ገና ተሠርቶ ሳያልቅ ትሬዱ ውስጡን ማየት ይጀምራል። በተለይ ሌላ ሰው ያንን ክላስ ከወረሰው የወላጁ ኮንስትራክተር ከልጁ በፊት ስለሚሠራ ትሬዱ ሲነሳ የልጁ ፊልዶች ገና ባዶ ናቸው። «ፋይናል» የሚሰጠው ዋስትናም የሚጸናው ኮንስትራክተሩ ሳያልቅ ኦብጀክቱ ወደ ውጭ ካልወጣ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የፋይል ስሙን «ስታቲክ» ማድረግ ነው። ስታቲክ ፊልድ ለክላሱ አንድ እንጂ ለየኦብጀክቱ አንድ አይደለም። 13 ጊዜ ሲጻፍበት የመጨረሻው ይቀራል፤ ብዙዎቹ ትሬዶች ጳጉሜን ሲደምሩ የዓመቱ ሽያጭ ያለ ምንም የስህተት መልእክት እጅግ አንሶ ይወጣል።

አራተኛው ላይ ጠለቅ ብሎ መቆየት ያስፈልጋል። ጃቫ ኦብጀክት ሲያስተላልፍ ኮፒ አያደርግም፤ የሚሄደው አድራሻው ነው። ለምሳሌ ከፋይል ስም ይልቅ የወሩን ሽያጭ በዝርዝር ሞልታችሁ ለትሬዱ ሰጣችሁ እንበል። ሚሞሪ ለመቆጠብ ያንኑ ዝርዝር አጽድታችሁ ለቀጣዩ ወር ብትሞሉት፣ የመጀመሪያው ትሬድ እያነበበው ያለው ዝርዝር ከእጁ ሥር ይጠፋል። ዕድለኛ ከሆናችሁ «ኮንከረንት ሞዲፊኬሽን» የሚል ኤክሴፕሽን ታያላችሁ፤ ካልሆናችሁ የጥቅምት ሽያጭ በመስከረም ድምር ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ትሬድ አዲስ ዝርዝር መፍጠር፣ ወይም በጃቫ 10 በመጣው «ሊስት ኮፒ ኦፍ» የማይለወጥ ኮፒ መስጠት ነው። ኮፒው ግን ላይ ላዩን ብቻ ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ኦብጀክቶች ራሳቸው የሚለወጡ ከሆኑ አደጋው እንዳለ ነው። «ስትሪንግ» እና ቁጥሮች አይለወጡምና አያሳስቡም።

ላምዳና የሌሎች ቋንቋዎች ወጥመድ

በ2014 ከወጣው ጃቫ 8 ወዲህ ሙሉ ክላስ ሳይጻፍ ሥራውን በላምዳ (ስም በሌለው አጭር ተግባር) መስጠት ይቻላል፤ ላምዳው በዙሪያው ያሉትን ቫሪያብሎች ይዞ ይሄዳል። ኮምፓይለሩ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ዋጋ የተሰጠውን ቫሪያብል ካልሆነ አያስይዝም። የሉፕ (የድግግሞሽ) ቆጣሪውን በላምዳ ውስጥ ለመጠቀም የሞከረ ሰው ወዲያው ኤረር ያገኛል። መውጫው በሉፑ ውስጥ ቆጣሪውን ወደ አዲስ ቫሪያብል መገልበጥ ነው። አንዳንዶች ባለ አንድ ቦታ አሬይ ፈጥረው ክልከላውን ያልፉታል፤ ይህ ኮምፓይለሩን ዝም ማሰኘት እንጂ ችግሩን መፍታት አይደለም፣ ምክንያቱም አሬዩ የጋራ ነው።

ሲ ሻርፕ ይህን ክልከላ አያደርግም። የ«ፎር» ሉፕ ቆጣሪ ለሁሉም ላምዳ አንድ ስለሆነ፣ ትሬዶቹ በሚያነቡት ሰዓት የደረሰበትን ቁጥር ያያሉ። ከ0 እስከ 12 ለመቁጠር በተጻፈ ሉፕ አንዳንዱ ትሬድ 13ን አግኝቶ ከዝርዝሩ ውጭ ይወጣል። የ«ፎርኢች» ቫሪያብል በ2012 በሲ ሻርፕ 5 ተስተካክሏል፤ «ፎር» ግን እንደነበረ ነው።

ፓይተን ለትሬዱ ተግባሩንና የሚሰጠውን ዳታ ለየብቻ ይቀበላል፤ ዳታው በታፕል (በቅንፍ በሚጻፍ የማይለወጥ ዝርዝር) ይሰጣል። ባለ አንድ አባል ታፕል መጨረሻው ላይ ኮማ ይፈልጋል። ኮማው ከተረሳ ቅንፉ ተራ ቅንፍ ይሆንና ፓይተን የፋይሉን ስም ራሱን እንደ ዝርዝር ያየዋል። «ጳጉሜ» ብላችሁ አንድ ስም የሰጣችሁ ሲመስላችሁ ጳ፣ ጉ እና ሜ ሦስት ዳታ ሆነው ይሄዳሉ፤ ኤረሩም «አንድ ይጠበቅ ነበር፣ ሦስት ተሰጠ» የሚል ነው። ሌላው የፓይተን ስህተት የተግባሩን ስም ከነቅንፉ መስጠት ነው፤ ያኔ ተግባሩ እዚያው ዋናው ትሬድ ላይ ይሠራና ለትሬዱ የሚደርሰው የመለሰው ነገር ነው።

ሲ ፕላስ ፕላስ ከ2011 ጀምሮ የራሱ የትሬድ ክላስ አለው፣ ባሕርይውም ከጃቫ ተቃራኒ ነው፤ የተሰጠውን ሁሉ ኮፒ ያደርጋል። ኦብጀክቱ ራሱ እንዲሄድ ከተፈለገ በ«ሬፍ» ጠቅልሎ መስጠት ያስፈልጋል። ያኔ ግን ትሬዱ ሳይጨርስ ኦብጀክቱ እንዳይጠፋ መጠበቅ የጸሐፊው ኃላፊነት ነው። «ጆይን» ወይም «ዲታች» (ለብቻው ይሂድ) ሳይባል የትሬድ ኦብጀክቱ ከጠፋ ፕሮግራሙ በሙሉ ወዲያው ይቋረጣል።

ውጤቱን መረከብ

ወደ ሱቃችን እንመለስ። «ጆይን» ሳይባል «ድምር»ን ማንበብ 0 ወይም ያልተሟላ ውጤት ይሰጣል፤ ይህን ብዙ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። የማይታየው ሌላኛው ነው፤ በአንድ ሉፕ ውስጥ «ስታርት» ብሎ ቀጥሎ እዚያው «ጆይን» ማለት። እያንዳንዱ ትሬድ የፊተኛው እስኪጨርስ ስለሚጠብቅ 13 ትሬድ ተነስቶ ሥራው እንደ አንድ ትሬድ ይሄዳል። ሁለት ሉፕ ያስፈልጋል፤ አንዱ ማስነሻ፣ አንዱ መጠበቂያ።

ለውጤት የተሻለው መሣሪያ «ኮለብል» ነው። ከ«ራነብል» የሚለየው ዋጋ መመለስና ኤክሴፕሽን መወርወር መቻሉ ነው። «ኤግዚኪውተር» ለሚባለው የትሬድ ፑል «ሰብሚት» ሲደረግ ወዲያው «ፊውቸር» የሚባል ደረሰኝ ይመለሳል፤ ውጤቱ ሲፈለግ በደረሰኙ ላይ «ጌት» ይባላል። ለ4 ኮር 4 ትሬድ ያለው ፑል ከፍቶ 13ቱን ሥራ ማስገባት በቂ ነው፤ 4ቱ ሠራተኞች ወረፋውን ይጨርሱታል። እዚህም መጀመሪያ 13ቱን ማስገባት፣ ከዚያ 13ቱን «ጌት» ማለት ነው።

ስህተት ሲፈጠር የሚሆነውን ልብ በሉ። የኅዳር ፋይል ተበላሽቶ ኤክሴፕሽን ቢነሳ ተራ ትሬድ መልእክቱን አሳትሞ ይሞታል። ዋናው ትሬድ ግን አይሰማም፤ የኅዳርን 0 ደምሮ የዓመቱን ውጤት በኩራት ያሳያል። በ«ሰብሚት» የገባ ሥራ ደግሞ መልእክት እንኳ አያሳትምም፣ ኤክሴፕሽኑ በደረሰኙ ውስጥ ተቀምጦ «ጌት» የሚል ይጠብቃል። ደረሰኙን የጣለ ሰው ስህተቱን አብሮ ጥሎታል። «ሥራው ገባ፣ ግን ምንም አልሆነም» ከሚሉ ቅሬታዎች ብዙዎቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ሁሉም ትሬዶች አንድ የጋራ ድምር ላይ ቢጽፉ ምን ይሆናል? መደመር ለእኛ አንድ ሥራ ይመስላል፣ ለማሽኑ ግን ሦስት ነው፤ ማንበብ፣ መደመር፣ መጻፍ። የጋራው ድምር 500 ሆኖ ሳለ አንዱ ትሬድ 200፣ ሌላው 300 ሊጨምር ይመጣል። ሁለቱም 500ን ያነባሉ፤ አንዱ 700፣ ሌላው 800 ይጽፋል። መሆን የነበረበት 1000 ነበር፤ የሚቀረው ግን ኋላ የጻፈው ነው። «ቮላታይል» ማለት ይህን አያድንም፤ አዲሱ ዋጋ እንዲታይ ያደርጋል እንጂ ሦስቱን ሥራዎች አንድ አያደርጋቸውም። የሚያድነው «አቶሚክ ሎንግ» ወይም የ«ሲንክሮናይዝድ» ቁልፍ ነው። ከሁለቱም የሚሻለው ግን መጀመሪያ ያደረግነው ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ይደምር፣ ዋናው መጨረሻ ላይ ይሰብስብ።

ዳታው አንዴ ተሰጥቶ የሚያልቅ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ሽያጩ ቀኑን ሙሉ የሚገባ ከሆነ፣ በኮንስትራክተር ማስተላለፍ አይሆንም። ያኔ በመካከል «ብሎኪንግ ኪው» የሚባል ወረፋ ይቀመጣል፤ አንዱ ወገን ያስገባል፣ ሌላው ያወጣል፣ ቁልፉን ወረፋው ራሱ ይይዛል። መጠኑን ወስኑለት፣ 100 ይሁን እንበል፤ ካልተወሰነ አስገቢው ከአውጪው ሲፈጥን ሚሞሪ እስኪያልቅ ይከመራል። ሜተዶቹን መምረጥ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ፑት» ወረፋው ሲሞላ ቦታ እስኪገኝ ይጠብቃል። «አድ» ኤክሴፕሽን ይወረውራል። «ኦፈር» ግን «አልገባም» ብሎ ሐሰት ይመልሳል፣ መልሱን ያላየ ሰው ሽያጩን ያለ ድምፅ ያጣዋል። ማለቁን ለመንገር «አበቃ» የሚል ልዩ ምልክት በወረፋው ይላካል፤ «ነል» (ባዶ ዋጋ) መላክ አይቻልም፣ ወረፋው አይቀበለውም። 4 አውጪ ትሬድ ካለ ምልክቱም 4 መሆን አለበት፤ 1 ብቻ ከተላከ አንዱ ወስዶት ይሄዳል፣ ሦስቱ ለዘላለም ይጠብቃሉ።

ትሬድን በግድ ማቆም የሚባለውን እርሱት። «ስቶፕ» ዳታን በግማሽ ስለሚተው ከ1998 ጀምሮ አትጠቀሙ ተብሏል፣ ከጃቫ 20 ወዲህ ደግሞ ኤክሴፕሽን ከመወርወር በቀር ምንም አይሠራም። ትሬድ የሚቆመው በ«ኢንተራፕት» ተጠይቆ ነው፤ እንቅልፍ ወይም ወረፋ ላይ ካለ «ኢንተራፕትድ» ኤክሴፕሽን ይደርሰዋል። ያንን ይዞ በባዶ «ካች» (ምንም በማያደርግ የኤክሴፕሽን መያዣ) ማለፍ ጥያቄውን መደምሰስ ነው፤ ኤክሴፕሽኑ ሲወረወር የ«ኢንተራፕት» ምልክቱ ስለሚጠፋ ትሬዱ እንዳልተጠየቀ ሆኖ ይቀጥላል።

የትሬዱ ብዛት እንደ ሥራው ዓይነት ነው። ስሌት ብቻ ከሆነ ከኮሩ ቁጥር ማለፍ ጥቅም የለውም። ኔትወርክ የሚጠብቅ ከሆነ በ2023 በጃቫ 21 የመጡት ቀላሎቹ ቨርቹዋል ትሬዶች ብዙ ሺህ ሆነው መነሳት ይችላሉ፣ ዳታ የሚሰጣቸውም ከላይ ባየነው መንገድ ነው። በተለመደው ፓይተን አንድ የጋራ ቁልፍ ስላለ ብዙ ትሬድ ማስነሳት ስሌትን አያፈጥንም፣ ለመጠባበቅ ሥራ ግን ይጠቅማል።

13ቱ ወሮች ተደምረው ውጤቱ ከታተመ በኋላ ፕሮግራሙ አልዘጋ ካለ ፑሉን እዩት። የተራ ፑል ትሬዶች ሥራ ባይኖርም ይጠብቃሉ፣ እነሱ እስካሉ ጃቫ አይወጣም። «ሻትዳውን» መጥራት፣ ወይም ከጃቫ 19 ወዲህ ፑሉን በ«ትራይ» ቅንፍ ውስጥ መክፈት ያስፈልጋል፤ ያኔ ቅንፉ ሲያልቅ የገባው ሥራ እስኪጠናቀቅ ጠብቆ ራሱ ይዘጋዋል።